የኢንጂነሩ ንጣፍ

«እግሩ ከድቶታል» ስትል ሰማቻት። ታናሽ እህቷ ግቢው ውስጥ ቆማ ከአንዲት ዘመድ ጋር በስልክ ታወራለች፤ ታላቅየዋ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ የሰው መጋረጃ ጭኗ ላይ ከምራ ጠርዙን ትቀመቅማለች። «ከዛሬ ጀምሮ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው። ዓይኑን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አሁን ደግሞ እግሩ ከድቶታል። እታለም ብቻዋን አትችለውም።» እታለም የምትባለው ታላቅየዋ ናት። አባቷን ብቻዋን አለመቻሏን እንደ ማንኛውም ጎረቤት በመስኮት ነው የሰማችው። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና ብላ እህቷን አየቻት። ታናሽየዋ እያወራች ግቢውን ትዞራለች። አካሄዷ እንደ ሰው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ትንሽ ሄድ ትልና ወደ ግራ ትሰፋለች፣ በአበባ ማሰሮው ጎን ትታጠፋለች፣ አንዷን ታይል ጨርሳ ዘላ ታልፋለች፣ ከዚያ ወደ በሩ ትመለሳለች። ዓይኗ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ አፏ ስለ አባቷ እግር ያወራል፣ የራሷ እግር ግን የሚረገጠውንና የማይረገጠውን ለይቶ ያውቃል።

በዚህ ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ፖርሲሊኑ ከተነጠፈ ጀምሮ ማለት ነው። ትልልቅ፣ አመድማ፣ መስታወት የሚያስንቅ ታይል ነው፤ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየው ሰው ሆቴል የገባ ይመስለዋል። ጉዱ የሚመጣው ሲረገጥ ነው። አንዳንዱ አንድ ጫፉ ሲሰምጥ ሌላ ጫፉ ይነሳና ኳ ይላል። አንዳንዱ በዝናብ ማግስት ከሥሩ ያቆረውን ጭቃ ውሃ እስከ ጉልበት ይተፋል። መጋጠሚያው ላይ የተሞላው ነጭ ሲሚንቶ ገና በመጀመሪያው ወር ተሰነጣጥቆ ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። ተዳፋቱም ወደ መንገዱ ቱቦ መሆን ሲገባው ወደ ቤቱ ስለሆነ፣ ዝናብ የጣለ ለት የግቢው ውሃ ሁሉ ተጠራርቶ አባትየው ክፍል ደጃፍ ላይ ይሰበሰባል። ቤተሰቡ ታዲያ ምን አደረገ? ለመደ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሳይቀር የት እንደሚረግጥ ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ «ግራ ግራውን ያዙ»፣ «እቺን ይለፏት»፣ «እዚያ ጋ ሰፋ ያድርጉ» እየተባለ እንደ ዓይነ ስውር እየተመራ ሳሎን ይገባል። እውነተኛውን ዓይነ ስውር፣ አባትየውን፣ ግን ያስተማረው የለም፤ በዓይን ካልሆነ በአፍ የሚያስተምሩት ነገር አልነበረማ።

ንጣፉን ያስነጠፈው የታናሽየዋ ባል ነው። ሁሉም ሰው ኢንጂነር ይለዋል። ምህንድስና የተማረበትን ትምህርት ቤት ያየ የለም፤ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሲሠራ አንድ ደንበኛ ተሳስቶ ኢንጂነር ብሎ ጠራው፣ እሱም ሳያቅማማ አቤት አለ፣ በዚያው ቀረ። አሁን የራሱ ሠራተኞች አሉት፤ የሰው ግቢ እያስነጠፈ ይኖራል። የአማቱን ግቢ የሠራው በስጦታ ነው። «አባባ ጭቃ ሲረግጡ አይኖሩም» ብሎ፣ ታላቅየዋን እንኳ ሳያማክር፣ አንድ ጠዋት መኪና ሙሉ ታይል አራገፈ። ስጦታ ክፉ ነገር ነው፤ ይህ ጎደለው አይባልም። ታላቅየዋ አንዴ ብቻ፣ ያውም ፈራ ተባ እያለች፣ አንዳንዱ ይነቃነቃል ብላው ነበር። «ፖርሲሊን መጀመሪያ ይተነፍሳል፤ ቆይቶ ይረጋል» አላት። ይኸው ዓመት ሙሉ ሲተነፍስ ከረመ። በሳምንቱ የአበባ ማሰሮዎች ጭኖ መጣና እዚህም እዚያም አስቀመጠ። እህቷ ተደሰተች፣ ጎረቤት አደነቀ፣ እሱም ፎቶ አንስቶ ለደንበኞቹ ማሳያ አደረገው።

አባትየው ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑ የጠፋው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ በመጨረሻ ብርሃንና ጨለማን መለየት ብቻ ቀረለት። ለዚያ ግን እጅ አልሰጠም። የድሮውን ግቢ፣ ድንጋይና አፈር የነበረውን፣ እግሩ በቃሉ ያውቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ካፖርቱን ደርቦ ብቻውን ይወጣል፣ የውጪውን አጥር እየዳበሰ እስከ መንገዱ ጥግ ይሄዳል፣ እዚያ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ አላፊውን መኪና ሁሉ በድምፁ እየለየ ሾፌሩን ሲያማ ይውላል። ፖርሲሊኑ ከመጣ በኋላ መጀመሪያ ግድግዳ እየተደገፈ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ ማሰሮው እግሩን እየመታው ሲያስቸግር በሰው ክንድ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ዝናብ ያባራበት ጠዋት ገና ከክፍሉ አንድ እግሩን ሲያወጣ ደጃፉ ላይ ያለችው ታይል ከዳችውና በግንባሩ ተደፋ። የእጁ አንጓ ተሰብሮ ጀሶ ታሰረለት። ጀሶው ከወጣ ቆይቷል፤ እሱ ግን አልወጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። በዚያ ሰሞን ኢንጂነሩ ብርቱካን ይዞ እየመጣ፣ ቁጭ ብሎ እየላጠለት፣ «አይዞዎት አባባ፣ ዕድሜ ነው፤ ቀድሞ የሚደክመው እግር ነው» ሲለው ታላቅየዋ በጆሮዋ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ያንኑ ቃል ሲቀባበል ከረመ።

ታናሽየዋ ስልኩን ጨርሳ ስትገባ ዓይኗን ከእህቷ አሸሸች። ሁሉንም አሰናድታለች፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ከልብስ መተኮሻው ጎን፣ አልጋ አስገብታለች፤ ከሰዓት በኋላ ባሏ መኪና ይዞ ይመጣል፤ አባባ ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። ታላቅየዋ ያንን ክፍል ታውቀዋለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፣ ለማያይ ሰው ምን ቸገረው ይባል ይሆናል፤ ደረጃው ግን ጠባብና መደገፊያ የሌለው ስለሆነ አንዴ የወጣ ሽማግሌ ለሐኪም ካልሆነ አይወርድም። ይህን ሁሉ ልትላት አፏን ከፈተችና «ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ አለቻት። እህቷ «ትቃወሚያለሽ ብዬ ነዋ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ሄድ፣ ሰፋ፣ ዞር፣ ዘለል እያለች። ታላቅየዋ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። እህትማማቾቹ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አልተጣሉም፤ ላለመጣላት ሲሉ መነጋገርንም ትተውት ነበር።

አባቷ ክፍል ስትገባ ሸሚዞቹን ራሱ እያጣጠፈ አገኘችው። አንድ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርት፣ ከበሩ ሥር የሚሰርገውን ውሃ እንዲመጥ የተጠቀለለ አሮጌ ፎጣ፤ ክፍሉ ይኸው ነው። ፎጣው ደርቆ ስለማያውቅ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ምን ምርጫ አለኝ አላት፤ ቀጥሎም ያቺኑ ቃል፣ እንደ ተማሪ ያጠናትን፣ እግሬ ከድቶኛል አለ። ታላቅየዋ ተንበርክካ ሱሪውን ሰብስባ ባቱን ጨበጠችው። ጠንካራ ነው፤ ፍሬን ሲረግጥ የኖረ እግር። ይሄ ነው የከዳህ ስትለው «ልቀቂኝ፣ ይኮረኩረኛል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ሸሚዙን አንስቶ እጅጌውን ሲፈልግ ቆየ፤ እሷም አልረዳችውም። «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ስላላት ወጣች።

ክር አልቆባት ስለነበር ወደ ሱቅ ሄደች። ክሩ እንደገና ዋጋ ጨምሯል፤ ባለሱቁ እሱም እንደ እሷ መገረሙን ነገራት፣ ግን አልቀነሰላትም። ስትመለስ መንገዱ ጥግ ላይ ጡረተኞቹ ተሰብስበው አገኘቻቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ጥሩምባ የሚሉት፣ ገና ከሩቅ «የሾፌሩ እግር እንዴት ሆነ?» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አስደነገጠ። ሾፌሩ ዛሬ ወደ ልጁ ቤት እንደሚሄድ ሰምቷል፤ ታናሽየዋ ለሚስቱ ደውላ ነግራታለች። ጥሩ ነው አለ፤ በዚህ ዕድሜ ሰው የሚጦረው ማግኘት ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሱ ዝቅ ያለ ማለት የሌላው ሰው መደበኛ ድምፅ ነው፣ «መሰናበት አይችልም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሌሎቹ ወደ መንገዱ ማየት ጀመሩ። አንድ ሰው በቁሙ ሲቀበር የሚያዩ ይመስላሉ ብላ አሰበችና ተናደደች፤ ማንን እንደምትናደድ ግን ገና አላወቀችም ነበር። እነግረዋለሁ ብላ አለፈች።

ቤት ገብታ ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች የውጪው በር ተከፈተና ኢንጂነሩ ገባ። የመጣው ለአባትየው አልነበረም። አንዲት ደንበኛ አስከትሏል፤ ፋርማሲ ያላት፣ ረጋ ያለች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ የያዘች ሴትዮ፣ ግቢዋን ልታስነጥፍ አስባ ሥራውን በዓይኗ ለማየት የመጣች። ለታላቅየዋ በመስኮት እጁን አወዛወዘላት፤ እሷም እንደ ወትሮው እጇን አነሳች። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ፊቱን ወደ ሴትዮዋ አድርጎ፣ የኋሊት እየተራመደ፣ ሁለት እጁን እየዘረጋ፣ ስለ ፖርሲሊን ጥንካሬ፣ ውሃ ስላለመጠጣቱ፣ ቀለሙ ስላለመልቀቁ ያወራል። ታላቅየዋ እግሯን ፔዳሉ ላይ እንዳሳረፈች፣ ሳትጫነው፣ ታየው ጀመር። የኋሊት ነው የሚሄደው። ወደ ኋላው አንዴም አልዞረም። ግን ትንሽ ሄደና ወደ ጎን ሰፋ፣ ማሰሮውን ሳይነካ ታጠፈ፣ የምትናጋዋን ዘለላት፣ ውሃ የምትተፋዋን ተሻገራት። አባባ ደጃፍ አጠገብ ሲደርሱ ሴትዮዋ ታይሏ ላይ ልትወጣ ስትል ክርኗን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ «በዚህ በኩል ይሁንልኝ፣ ከዚህ ሲያዩት ነው የሚያምረው» አላትና መለስ አደረጋት።

ታላቅየዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። የቤቱ ሰው ይህን ግቢ የተማረው ቁርጭምጭሚቱ እየዞረ፣ ጭቃ እየተረጨበት ነው። እሱ ግን እዚህ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ማን አስተማረው? ማንም። ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። የትኛው ታይል ሥሩ ባዶ እንደቀረ፣ የትኛው ላይ ሲሚንቶ እንደተሰሰተ፣ ማሰሮው የትኛው ላይ ቢቀመጥ ሰው እንደማይረግጠው ያውቅ ነበር። ማሰሮዎቹ ጌጥ አልነበሩም፤ መክደኛ ነበሩ። ደጃፍ ላይ ደግሞ ማሰሮ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ያቺን ለዓይነ ስውሩ ተወለት። ሰውየው ሲወድቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ዕድሜ ነው አለው። ስትናደድ የምታለቅስ ሴት ናት፣ ሰው ፊት መናደድ የማትወደውም ለዚህ ነው፤ ዛሬ ግን እንባው ቀረና ቁጣው ብቻ መጣ። የልክ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ መቀሷን በእጇ እንደያዘች ወጣች።

«ኢንጂነር፣ እስቲ እዚች ላይ ቁም» አለችው፣ የደጃፉን ታይል በመቀሷ እያሳየችው።

ኢንጂነሩ ሳቀና እታለም ቀልደኛ ናት ብሎ ለሴትዮዋ ነገራት።

«ቁምባት። የራስህ ሥራ አይደለች እንዴ?»

አልቆመባትም። የቆየ ቤት መሬቱ ይንቀሳቀሳል አለ፤ እርጥበት አለ፤ ዛሬ አባታቸው ከቤት የሚወጡበት ቀን ስለሆነ ሆድ ብሷት ነው አለ፤ ይህን የመጨረሻውን ለሴትዮዋ በርኅራኄ ድምፅ ነው የነገራት። ታላቅየዋ አባቷ የወደቀው እዚህ ታይል ላይ እንደሆነ፣ እሱም ይህን እንደሚያውቅ ተናገረች። ያኔ ኢንጂነሩ ራሱን ነቀነቀና ከፈለግሽ ራሳቸውን እንጠይቃቸው አላት። ያለው በድፍረት ነው፤ መልሱን ያውቀዋላ። ወደ ክፍሉ በር ጠጋ ብሎ፣ ታይሏን ሳይረግጥ ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ያን ለት የወደቁት በምን ነበር?» ሲል ጠየቀ። ከውስጥ የሬዲዮው ድምፅ ተቀነሰ።

«እግሬ ነው» አለ አባትየው። «እግሬ ነው ልጄ።»

ኢንጂነሩ እጁን ዘርግቶ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ሴትዮዋ ግን እሱን አላየችውም። የጃንጥላዋን ጫፍ የታይሏ ጠርዝ ላይ አሳረፈችና ጫን አለች። ኳ አለች። ሌላኛው ጠርዝ ላይ ጫን አለች። ኳ አለች። ለጊዜው አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ አለችና ማንም ሳይመራት በግድግዳው ዳር ዳር ሄዳ ወጣች። ኢንጂነሩ እስከ በሩ ሸኝቷት ተመለሰ። ታላቅየዋ ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልጮኸም። በለሰለሰ ድምፅ፣ የሸሚዙን እጅጌ እያስተካከለ፣ «ሰው ፊት አዋርደሽኛል፤ እሺ። ከአንቺ ጋር ምን አለኝ? ቤቴ ስገባ የምነጋገረው ከእህትሽ ጋር ነው» አላትና ሄደ።

ታላቅየዋ ቁጣዋን ይዛ አባቷ ክፍል ገባች። ለምን ዋሸህ አለችው። በራስህ አፍ፣ በራስህ ላይ፣ ለዚያ ሰውዬ ብለህ። አባትየው ሬዲዮውን ዘጋ። ለእሱ ብዬ አይደለም አለ። ታይሉ ሥሩ ባዶ መሆኑን ገና በተነጠፈበት ቀን በጫማው አውቆታል፤ አውቶቡስ በእግሩ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ይህ ይጠፋዋል እንዴ? ሲወድቅም ምን እንደጣለው ያውቃል። ግን ከዚያ በፊት የሰማው ሌላ ነገር ነበር። ታናሽየዋ አንዳንድ ቀን ስትመጣ ራሷን እንዳመማት ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ትቀመጣለች፣ ስልኳ ሲጮህ ትንፋሿ ይቆረጣል። ሌላው ሰው ፊቷን ያይና ደህና ናት ይላል። እሱ ፊት የለውም የሚያየው፤ ያለው ድምፅ ነው። «ያ ሰውዬ ውጪ ሲዋረድ ቤት ገብቶ የሚያወርደው በማን ላይ እንደሆነ አታውቂም» አላት። «እግሬ ነው ብል ምን ይጎድልብኛል? እዚያ ብሄድም አጠገቧ እሆናለሁ። ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለ፣ ባያይም፣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።»

ለአንድ ሰውዬ ባዶ ሥራ አባቷ እግሩን ሰጥቷል፣ እህቷ ደግሞ ምን እየሰጠች እንደኖረች እግዜር ይወቅ። ታላቅየዋ ወጥታ ቆመች። ግቢው አንጸባርቋል፤ ጠዋት ራሷ ናት የጠረገችው። ምን እንደምታደርግ አስባ አልነበረም፤ ደጃፉ ላይ ተንበረከከችና የመቀሷን ጫፍ መጋጠሚያው ውስጥ ከተተችው። መፈንቀያ ይፈልጋል ብላ ነበር፤ ታይሉ ግን እንደ ድስት ክዳን ተነሳ፤ ያስቸገራት ክብደቱ ብቻ ነው። ገልብጣ አየችው። ጀርባው የፋብሪካው ማኅተም ሳይቀር የሚነበብ፣ አንዲት ጠብታ ሲሚንቶ ያልያዘው፣ አሁን ከካርቶን የወጣ የሚመስል ነበር። ሥሩ ሲሚንቶ አልተነጠፈም፤ በየማዕዘኑ አንድ ጭብጥ፣ መሃል ላይ አንድ ጭብጥ ጣል ጣል ተደርጎ የተረፈው ባዶ ነው። ባዶው ውስጥ ጥቁር ውሃ ቆሟል። አባቷን የጣለው ይኸው ነበር፣ የስስት ጉድጓድ።

ቀጥሎ ያለውን አነሳች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ማሰሮዎቹን እየጎተተች ወደ ግድግዳው አስጠጋች። የታይሉ ክብደት ክንዷን ሲያዝለው ገብታ የሰው መጋረጃ አመጣችና ታይሉን እየጫነች ጎተተችበት፤ መጋረጃውን ሌላ ቀን ሌላ ትሰፋለች። ጭብጦቹን በመዶሻ እየሰበረች፣ አፈሩን በአካፋ እያስተካከለች፣ ከአባቷ ደጃፍ ተነስታ በቀጥታ ወደ ውጪው በር ሄደች። ጥፍሯ ተሰበረ፣ ጣቷ ተልጦ ደማ። ከሥር የወጣው ያው የድሮው መሬት ነው፣ ጠጣርና ደልዳላ፣ ማንም ያልጠየቀው። አንድ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ምን ሆናችሁ ስትል ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻት። አባቷም ከውስጥ ምንድነው የምትሰብሪው ብሎ ተጣራ። «አልሰበርኩም፣ ሳይሰበር ነው የሚነሳው» አለችው። ምሳ አልበላችም፤ ለአባቷም ማቅረቧን ረሳች።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ መጡ። ኢንጂነሩ ዕቃ ለመጫን እንዲመቸው መኪናውን በሩ አፍ ላይ ገትሮ ወረደ። ታናሽየዋ ቀድማ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል፤ መንገድ ላይ የምትባለውን ተብላለች። «ምን አድርጌሽ ነው እታለም?» ብላ ስትጀምር ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ታይሎች አየችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ታላቅየዋ አንዱን ገልብጣ ጀርባውን አሳየቻት፤ ገና ያልተነሳ ሌላ ታይል ደግሞ እዚያው በፊቷ፣ በጣቷ ብቻ፣ ብድግ አደረገችው። ታናሽየዋ ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ አባቷ ደጃፍ አየች፣ ያቺ ታይል ወደነበረችበት።

«እኔ ራሴ እየዘለልኳት ነው እኮ የምገባው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ሁልጊዜ እየዘለልኳት ነው የምገባው።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

ኢንጂነሩ ብዙ ነገር አለ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሥሩን ሙሉ የሚሞላ ማን አለ፤ ጥፋቱ የሠራተኞቹ ነው፤ ሊያስተካክለው አስቦ ጊዜ አጥቷል፤ አሁን ደግሞ ይህች ሴት ደህናውን ሥራ አፍርሳ ልታጣላቸው ነው። ታናሽየዋ ሰምታ ሰምታ ያንኑ ደገመችለት፤ ታውቅ ነበር ወይ።

«ስጦታ ነው እኮ» አለ።

ታናሽየዋ ባሏን ትክ ብላ አየችው፤ አልጮኸችም። «አባቴ አልጋ ላይ ቁጭ ብለህ ብርቱካን ልጠህለታል» አለችው። «እኔም አንተን አምኜ እግሩ ከድቶታል እያልኩ ለዘመድ ሁሉ ደወልኩ። በል አንተ ሂድ። እኔ ከዚህ የትም አልሄድም፤ ልጆቹንም ሄጄ ወደዚህ ነው የማመጣቸው።» ኢንጂነሩ ቤት ገብተን እንነጋገራለን አላት፣ ያን በለሰለሰው ድምፁ። እሷም ያ ድምፅ ሲሰማት እንደ ልማዷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ግን ያለችው ወደ እህቷ ነበር። ታላቅየዋ በደማው እጇ ክንዷን ያዘቻት።

አባትየው ካፖርቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቁም። ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ ጠቁሯል። «አሁን ደስ አላችሁ?» አለ ለሁለቱም ሴት ልጆቹ። ስንት ወር በሆዱ ይዞ የቆየውን፣ በእግሩ የከፈለለትን ነገር፣ በአንድ ቀን አደባባይ አወጡት። ልትረዳው ወደ እሱ የሄደችውን ታላቅየዋን በእጁ ገፋት፤ አልገፋት ይሆናል፣ ዞር በይ ብቻ ነው ያላት፤ እሷ ግን እንደተገፋች ተሰማት። ሻንጣውን ደጃፉ ላይ ጣለና ወጣ። የመጀመሪያ እርምጃውን አፈሩ ላይ አሳረፈ፣ በጫማው አንዴ መታ አደረገው፣ ከዚያ ሄደ። ልጆቹ አባታቸው ሲናደድ እርምጃው እንደሚፈጥን ረስተውት ነበር። ግድግዳ አልዳበሰም፣ ክንድ አልፈለገም፣ በተነሳው ታይል መሃል በቀጥታ፣ ተረከዙን እየመታ፣ የውጪው በር ድረስ ሄደና ጉልበቱ የመኪናው መከላከያ ላይ ሲደርስ ቆመ። መዳፉን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። ትኩስ ነበር።

«ይሄን ያቆመ ማነው?» አለ። የሾፌር ድምፁ ነበር፣ መንገድ ላይ የኖረው። ኢንጂነሩ እኔ ነኝ አባባ፣ እርስዎን ለመውሰድ ነው አለ።

«አንሳው። መውጫዬን ዘግተኸዋል።»

ኢንጂነሩ ሚስቱን አየ። እሷ አላየችውም። ቁልፉን ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው ሲፈልግ፣ ሽማግሌው መኪናውን እስኪያነሳለት ድረስ በሁለት እግሩ ቆሞ ጠበቀው።